በእንባው ያመንነው ሰው

የሲኒማው መኪና ከመቱ ተነሥቶ ጋምቤላ የገባው በ1975 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ ባሮ ሞልቶ ዳርቻውን መብላት በጀመረበት ሰሞን ነበር። ይዞት የመጣው ሙሐመድኑር የሚባል ቀጭን፣ ድምፁ የሚያምር ሰው ነው። ሾፌሩም፣ ፊልሙን የሚያሽከረክረውም፣ አስተርጓሚውም እሱው ነበር። ፊልሙ የባዕድ አገር ስለሆነ ከሥር የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበበ በማይክሮፎን በአማርኛ ይናገራል። ሴት ስትናገር ድምፁን ያቀጥናል፤ ዳኛ ሲናገር ያጎረንናል።

እሑድ ከቀትር በኋላ የቀበሌው አዳራሽ መስኮቶች በብርድ ልብስና በሸራ ተሸፈኑ። ቆርቆሮው ከላይ ይነዳል፣ ሰዉ ከታች በላብ ይጠመቃል፤ ያም ሆኖ ከቤቱ የቀረ ሰው ያለ አይመስልም ነበር። አግዳሚ ያጣው መሬት ላይ ተቀመጠ። አማርኛ የማይሰማው አጠገቡ ያለው ሰው በኑዌርኛ ወይም በአኝዋክኛ እንዲያንሾካሹክለት ቦታውን አስቀድሞ አመቻችቷል።

ከፊት መምህር ጋች ከሚስቱ ከኛኳች ጋር ተቀምጦ ነበር። ጋች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ ሕዝቡ ስለመረጠው ደግሞ ከቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ሦስት ዳኞች አንዱ ነው። ኛኳች ጤና ጣቢያ ውስጥ የጤና ረዳት ናት። ከጎናቸው ሁለተኛው የሸንጎ ዳኛ ጀማል አለ፤ ከጅማ መጥቶ ገበያው ዳር ጨርቅና ጨው የሚሸጥ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። የሸንጎው ሰብሳቢ ሪክ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ሕዝቡን ያስተናግድ ነበር።

መጀመሪያ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን የሚያሳይ አጭር ፊልም ታየ፤ ሕዝቡም በትዕግሥት ጠበቀ። ከዚያ ዋናው ተጀመረ።

የፍርድ ቤት ታሪክ ነበር። አንድ ሰው ወንድሙን ከጀልባ ገፍቶ ባሕር ውስጥ ጥሏል ተብሎ ይከሰሳል። ተከሳሹ ፊቱ የለሰለሰ፣ ዓይኑ ትልቅ፣ አነጋገሩ ዝግ ያለ ነው። የወንድሙ ስም በተጠራ ቁጥር ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፤ የጀመረው ቃል መሃሉ ላይ ይቆረጥበታል፤ ከዚያ እንባው ያለ አንዳች ድምፅ ይወርዳል። የምትመሰክርበት ደግሞ አንዲት መበለት ናት። ፊቷ የደረቀ ነው፤ ከንፈሯን ጥርቅም አድርጋ ትይዛለች። «በመስኮቴ አየሁት» ትላለች። ሲጠይቋት በቁጣ ትመልሳለች፤ አትለማመጥም።

አንዱ የፊልም ጥቅል ሲያልቅ ሙሐመድኑር ሌላውን እስኪያስገባ ድረስ የአንዱ መስኮት ብርድ ልብስ ይገለጣል። ብርሃን እንደገባ ክርክሩ ይፈላል።

«ይህች ሴትዮ ቂም አለባት!» ይላል አንዱ።

«ሰውየው የወንድሙን ስም መጥራት እንኳ አቃተው፤ እንዴት ይገድለዋል?» ይላል ሌላው።

የመጨረሻው ጥቅል ከመግባቱ በፊት ጀማል ወደ ጋች ዞረ። «መምህር፣ አንተ ብትሆን ምን ትፈርዳለህ?»

ጋች ተነሥቶ ቆመ። ክፍል ውስጥ ሲያስተምር እንደሚያደርገው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ «ንጹሕ ነው» አለ። «እንዲህ ያለ እንባ ከሐሰት አይወጣም። እኔ ብሆን ዛሬውኑ እለቀው ነበር።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ኛኳች ብቻ «ቆይ እስኪ፣ አላለቀም» ብላ ልብሱን ጎተተችው።

መስኮቱ ተሸፈነ። የተከሳሹ ጠበቃ መበለቲቱን ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት አንብቢ አላት፤ ዓይኗ ደካማ ነውና አቃታት። ፍርድ ቤቱ ሳቀባት፤ የጋምቤላም አዳራሽ አብሮ ሳቀ። ሰውየው በነጻ ተለቀቀ። በማግሥቱ ጠበቃው ተከሳሹ የረሳውን ባርኔጣ ሊመልስለት ወደ ቤቱ ሄደ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሰውየው መስተዋት ፊት ቆሞ እያፏጨ ነው። ከወንድሙ ጋር ባሕር ገባ ያለው የወርቅ ቀለበት ጣቱ ላይ አለ። ማፏጨቱን ትቶ መስተዋቱን እያየ ከንፈሩን አንቀጠቀጠ፤ እንባውን አወረደ፤ ከዚያ ሳቅ ብሎ ጠረገው። ፊልሙም እዚያ ላይ አለቀ።

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ባንድ ጊዜ መናገር ጀመረ።

«መምህር!» ብሎ ጮኸ ጀማል። «ገዳዩን ፈትተህ ለቀቅኸው እኮ!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ጋችም አብሮ ለመሳቅ ሞከረ፤ ግን ፊቱ እሺ አላለውም።

በማግሥቱ ዝናቡ ወደ ጎሬ የሚወጣውን መንገድ ቆረጠው። ሙሐመድኑር መሄጃ አጥቶ ከተማው ውስጥ ቀረ፤ ወሬውም ከእሱ ጋር ቀረ። የጀማል ሱቅ በር ላይ ያለው አግዳሚ ከዚያ በኋላ ስለ ጨርቅ ዋጋ የሚወራበት ቦታ መሆኑ ቀረ።

«አክተር ማለት እሱ ነው» ይላል ጀማል። «ሊያታልለኝ መጣ፤ አታለለኝ፤ ሄደ። ከዚህ በላይ ምን ይሠራ?»

«ጠበቃው ግን አበዛው» ይላል ሪክ። «እጁን ያወናጭፋል፣ ቅንድቡን ይሰቅላል፤ ሲናገር ተመልካቹን እንጂ ዳኛውን አያይም። ደግሞስ ገዳይ ሳይቀጣ ፊልም ያልቃል? ከዚያ በኋላ ጠበቃው ምን አደረገ? ለፖሊስ ተናገረ? ይህን ሳያሳዩ መብራት ማብራት ሰው መናቅ ነው።»

ኛኳች ከጤና ጣቢያ ስትመለስ ጨው ልትገዛ ቆማ «ከሁሉም የምትበልጠው መበለቲቱ ናት» አለች።

«እሷማ ምን ሠራች? ተቆጣች እንጂ» አለ ጀማል።

«እሱኮ ነው። ሰው እንዲጠላት ፈቅዳ ሠራች። አንድ ጊዜ እንኳ ውደዱኝ አላለችም። ሰውየው ሲያለቅስ ሁላችሁም አጨበጨባችሁለት፤ እሷ እውነቷን ይዛ ስትሰደብ ማን አዘነላት? እኔ ራሴ አላዘንኩላትም። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው ያዘንኩት። ይህን ያደረገችው እሷ ናት።»

ጋች ሁሉንም ይሰማል እንጂ ብዙም አይናገርም። የሚያስጨንቀው የሰዉ ቀልድ አልነበረም። ሁለት ዓመት በዳኝነት ሲቀመጥ ሰው ፊቱ ቆሞ ሲናገር ዓይኑን አይቶ እውነቱን የሚለይ ይመስለው ነበር። አሁን የፊልሙ ሰውዬ ፊት እየመጣ ይደቀንበታል። በዚያ ላይ ገበያ የሚሄደው ሁሉ ገዳዩ መስተዋት ፊት ያፏጨውን ፉጨት ለምዶት ነበር። አንድ ሰው ዋሸ ተብሎ ሲታሰብ ጓደኞቹ ያፏጩበታል፤ ይሳቃል።

ቅዳሜ ሸንጎው በዚያው አዳራሽ ተሰበሰበ። ጉዳዩ የታንኳ ነበር። ከሳሹ ኩዌት ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ አጭር፣ ሰላምታው እንኳ ቁጣ የሚመስል ሰው። ተከሳሹ ሆት ጎረቤቱ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለውን በቆሎውን ሊያመጣ የኩዌትን ታንኳ ተውሶ ነበር። ሲመለስ ታንኳው የለም።

«የታለ አልኩት» አለ ኩዌት። «ወንዝ ወሰደው አለኝ። መቅዘፊያዬ ግን እጁ ላይ ነው። ታንኳ የተገለበጠበት ሰው መቅዘፊያ ይዞ ይወጣል? በወንዙ ወደ ማታር ለሚወርዱ ነጋዴዎች ሸጦታል። ጨርሻለሁ።» ብሎ ተቀመጠ።

ሆት በኑዌርኛ ተናገረ፤ ጋች ለጀማል ይተረጉምለታል።

«ተንሳፍፎ የሚመጣ ግንድ መታኝ። ታንኳው ተገለበጠ። መቅዘፊያው እጄ ላይ ስለነበረ እሱን ደረቴ ሥር አድርጌ ተንሳፈፍኩ። ባይኖር ኖሮ እሰምጥ ነበር። ታንኳው ወዴት እንደሄደ አላየሁም። በቆሎዬም…» አለና ቆመ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ቃሉ ተቆረጠ። እንባው በጉንጩ ወረደ።

ከአዳራሹ ጀርባ አንድ ሰው አፏጨ። ያንን ዜማ።

ሳቁ ቆርቆሮውን አናወጠው። ሪክ ጠረጴዛውን ቢደበድብም እሱ ራሱ ከንፈሩን ነክሶ ነበር ሳቁን የያዘው። ጀማል ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ጋች የራሱ ከንፈር ፈገግ ለማለት ሲሞክር ተሰማውና ደነገጠ።

ሆት ዞሮ ሕዝቡን አየ። ፊልሙን አላየም፤ ያን እሑድ ማዶ እርሻው ላይ ነበር። የሚስቁበት ምክንያት ሊገባው አልቻለም። እንባውን እንኳ ሳይጠርግ ልብሱ ተቀዶ እንደሆነ ራሱን ወደ ታች ተመለከተ።

ዳኞቹ ሊማከሩ ወደ ጓዳ ገቡ።

«ግልጽ ነው» አለ ሪክ። «ያጠፋውን ታንኳ ይተካ፤ ስለዋሸ ደግሞ አንድ ወር ይታሰር።»

«እኔም እንደዚያው» አለ ጀማል። «መምህር ቃሉን ተረጎመልኝ። እንባውን ግን የተረጎመልኝ ያ ፊልም ነው።»

«የሚያስፈራኝም እሱ ነው» አለ ጋች። «ፊልሙን ከማየታችን በፊት ይህ ሰው እንዲህ ቢያለቅስ ምን እንፈርድ ነበር?»

«እንለቀው ነበር» አለ ሪክ።

«ሰውየው ያው ነው፤ ታንኳውም ያው ነው። በመካከሉ የተለወጠው እኛ ፊልም ማየታችን ነው። አንድ ሳምንት ስጡኝ።»

ሪክ አልወደደውም፤ ሆኖም «ጓድ ጋች ጊዜ ጠይቋል» ብሎ ወጥቶ ቀጠሮ ሰጠ። ከሕዝቡ መካከል «መምህር ዛሬም ሊፈታው ነው!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ቤት ሲደርስ ኛኳች ነገሩን ቀድማ ሰምታለች።

«እስኪ ንገረኝ፣ ምን ይመስልሃል?» አለችው።

«ምንም አይመስለኝም። ሳየው እውነተኛ ይመስለኛል፤ ወዲያው ያ ሰውዬ ትዝ ይለኛል፤ እንደገና ውሸታም ይመስለኛል።»

«ያ ሰውዬኮ ማልቀስ ሥራው ነው። እንጀራው ነው። ሆት ማልቀስ የት ተማረ?»

«ሰው ሲጨንቀው ሳይማርም ይዋሻል፣ ኛኳች።»

«ይዋሻል» አለች እሷም ቀስ ብላ። «ጤና ጣቢያም በየቀኑ አያለሁ። ምንም ሳያማቸው የሚያቃስቱ አሉ፤ እየሞቱ ዝም የሚሉ አሉ። ድሮ በፊታቸው እገምት ነበር። አሁን ቴርሞሜትሩን ሳላይ አንድም ነገር አልናገርም።»

በማግሥቱ ጋች ሙሐመድኑርን ፈልጎ ፊልሙን አንድ ጊዜ እንዲደግመው ለመነው። መንገዱ ገና አልተከፈተምና ሙሐመድኑር ደስ አለው። ከቀትር በኋላ መስኮቶቹ እንደገና ተሸፈኑ።

በዚህኛው ጊዜ ጋች ታሪኩን አልተከታተለም። ከሰውየው ፊት ላይ ዓይኑን ሳይነቅል ተቀመጠ። አንድ ምልክት፣ አንድ የተሰነጠቀ ቦታ ይፈልግ ነበር፤ መጀመሪያ ቀን ቢያስተውል ኖሮ «ይሄ ውሸታም ነው» ሊያሰኘው ይችል የነበረ ነገር። ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አየ። ቃሉ ሲቆረጥ ሰማ። ገዳይ መሆኑን እያወቀ፣ ቀለበቱ የት እንዳለ እያወቀ፣ ሰውየው ሲያለቅስ አሁንም አዘነለት። በራሱ ተናደደ።

መብራት ሲበራ ጀማል በደስታ ተነሣ። «አገኘሁት! ግራ እጁ! ሲዋሽ የግራ እጁን ጣቶች ያፋትጋል። መጀመሪያም ማየት ነበረብን።»

ሙሐመድኑር ጥቅሉን እየመለሰ ሳቀ። «መበለቲቱም ታፋትጋለች፣ ጋሽ ጀማል። መሃል ላይ፣ ሰዓቱን አንብቢ ስትባል። እሷ ግን እውነቷን ነው።»

ጀማል አግዳሚው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«አንተ ብዙ ጊዜ አይተኸዋል» አለ ጋች። «ውሸቱ የሚታወቀው የቱ ላይ ነው?»

ሙሐመድኑር ጥቂት አሰበ። «መጀመሪያ ሰሞን እኔም እፈልግ ነበር። በየከተማው ሰው ይጠይቀኛል። አንዱ ዓይኑ ነው ይላል፣ አንዱ ድምፁ ነው ይላል። የለም፣ መምህር። አክተሩ አንድም ቦታ ፍንጭ አላስቀረም። አስቀርቶ ቢሆን ኖሮ መጥፎ አክተር ነበር፤ እናንተም እስከ ዛሬ ባላወራችሁለት። ከፊቱ ላይ ፈልጋችሁ አታገኙትም። ቀለበቱን ነበር መፈለግ።»

ጋች አመስግኖት ወጣ። የሄደው በቀጥታ ወደ ሪክ ቤት ነው፤ ወንዙን ወርደን እንይ ሊለው።

ሰኞ ጠዋት ሦስቱ ዳኞች፣ ሆትና ኩዌት በባሮ ዳር ወደ ታች ተጓዙ። ዝናቡ ጋብ ብሏል። ወንዙ ቡናማ ሆኖ፣ ቅርንጫፍና ሣር ተሸክሞ ይነጉዳል። ሆት ከፊት ይሄዳል። አንድ ኩርባ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ግንዱ የመታኝ እዚህ ነው። የወጣሁት እዚያ ቁጥቋጦ ጋ።»

ሁሉም ቆመው ውሃውን አዩ። የሚታይ ነገር የለም፤ ውሃ ብቻ ነው። ጀማል ጫማው ጭቃ ውስጥ እየገባ «እንግዲህ ወንዙን በምስክርነት አንጠራው» ብሎ አጉረመረመ። ወደ ታች ትንሽ ቀጠሉ። ውሃው የገነደሰው አንድ ትልቅ የሾላ ዛፍ ሥሩ ዳርቻውን እንደያዘ ቅርንጫፉ ወንዙ ውስጥ ተንጋሏል። አረፋና ቆሻሻ ተሰብስቦበታል። ሪክ አየት አድርጎ አለፈው። ጀማልም አለፈ። ጋችም ሊያልፍ ነበር።

ኩዌት ግን ቆመ።

ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ አንድም ቃል ሳይናገር ልብሱን አውልቆ በግንዱ ላይ በእንብርክኩ ወደ ውሃው መሄድ ጀመረ። ሆት «ተው አባባ፣ ይወስድሃል!» ብሎ ጮኸ፤ ሮጦም ሄዶ እግሩን ያዘለት። ሽማግሌው እጁን እስከ ብብቱ ውሃው ውስጥ ከተተ፣ ጎተተ፣ ደግሞ ጎተተ። አንድ የተቆረጠ ገመድ ይዞ ተመለሰ። ገመዱ ጫፍ ላይ ከታንኳ አፍንጫ የተገነጠለ አንድ ክንድ የሚያህል ስንጥር እንጨት ታስሯል።

ዳርቻው ላይ ተቀምጦ ገመዱን ጭኑ ላይ ዘረጋው። ጋች አጠገቡ ቁጢጥ አለ። ገመዱ ለእሱ እንደማንኛውም ገመድ ነበር። ጀማልም ሪክም አጎንብሰው አዩ፤ የማንም ሰው ገመድ ሊሆን ይችላል። ኩዌት ዝም ቢል፣ ወይም «የእኔ አይደለም» ቢል፣ ከመካከላቸው አንድ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«የእኔ ነው» አለ ኩዌት። ፊቱ ያው እንደተቆጣ ነበር። «ቋጠሮውም የእኔ ነው። እንጨቱም የእኔ ነው። ታንኳዬ እዚህ ተሰብሯል። ልጁ አልሸጠውም።»

ሆት ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚህኛው ጊዜ ማንም አልሳቀም።

«አባ ኩዌት» አለ ጋች፣ «ባትነግረን ኖሮ አናውቅም ነበር።»

«እናንተ ባታውቁ እኔ አውቀዋለሁ» አለ ሽማግሌው፤ ገመዱንም መጠቅለል ጀመረ።

በቀጠሮው ቅዳሜ አዳራሹ እንደ ሲኒማ ቀን ሞላ። ሪክ ተነሥቶ ዳኞቹ ያዩትን ተናገረ፤ ሆት አልሰረቀም፣ አልዋሸምም አለ። ኩዌት ግን ታንኳ አጥቷልና አዲስ ታንኳ ሲፈለፈል ሆት በጉልበቱ እንዲያግዘው ሸንጎው ጠየቀ፤ ሆትም ደስ ብሎት ተቀበለ። ኩዌት ይቅርታ አልጠየቀም። «ዛፉን እኔ እመርጣለሁ» ብቻ አለ። ከሕዝቡ ጥቂቶች ቅር ተሰኝተው ወጡ፤ የጠበቁት ዓይነት መጨረሻ አልነበረም። ጀማል ግን ሱቁ በር ላይ ለሚያገኘው ሁሉ ስለ ሽማግሌው ከማውራት አልቦዘነም፤ «ፊቱን አይተህ እኮ አንዲት እፍኝ ጨው አታበድረውም» ይል ነበር።

በመስከረም መንገዱ ተከፈተና ሙሐመድኑር ሄደ። በጥቅምት፣ ውሃው ሲጎድል፣ ኩዌትና ሆት ከከተማው ላይኛ በኩል ያመጡትን ግንድ ዳርቻው ላይ አጋድመው መፈልፈል ጀመሩ። አንድ ቀን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ጋች ሊያያቸው ሄደ። ሆት መጥረቢያውን አስቀምጦ ላቡን ጠረገ።

«መምህር፣ ያን ቀን ለምን ነበር የሳቁብኝ?» ብሎ ጠየቀ።

ጋች ግንዱ ላይ ተቀምጦ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኑዌርኛ ነገረው፤ የጀልባውን፣ የመበለቲቱን፣ የእንባውን፣ የቀለበቱን ነገር። ሆት አንዴም ሳያቋርጥ ሰማው። ኩዌትም መጥረቢያውን ሳያቆም ይሰማ ነበር።

«የሞተው ወንድሙስ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አለ ሆት።

ጋች አሰበ። ያን ሁሉ ቀን ሲከራከሩ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። «አላሳዩንም» አለ።

«እሱን ነበር ማሳየት የነበረባቸው» አለ ሆት። «እንባው ለማን እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት እፈርዳለሁ?»

«ሥራ!» ብሎ ጮኸ ኩዌት። ሆት እየሳቀ ተነሣ። ጋችም ሸሚዙን አውልቆ ቅርንጫፍ ላይ አንጠለጠለና ከፊት በኩል ያለውን መጥረቢያ አነሣ። ኩዌት የሚመታበትን ቦታ በጣቱ አሳየው። ጀንበሯ ከመጥለቋ በፊት የታንኳው ሆድ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ያህል ተፈልፍሎ ነበር።